የፍራሽ ቤቱ ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት፣ በማስተዳድረው የግል ትምህርት ቤት፣ የአዲሱን የሠራተኞች መመሪያ ረቂቅ ለማየት ተሰብስበን ነበር። ስብሰባው ከምሳ በኋላ ስለነበር ግማሾቻችን ከእንቅልፍ ጋር እንታገላለን፣ ግማሾቻችን ጠረጴዛ ሥር ስልካችንን እንነካካለን። ረቂቁን ያዘጋጀው ወጣት የሕግ ባለሙያ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ እያለ በተራ ሲያነብ ቆየና የሐዘን ፈቃድ ላይ ደረሰ። “ሠራተኛው ከሟች ጋር ያለውን ዝምድና በቅጹ ላይ ይገልጻል” ሲል እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ።

ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይቶ መሰለኝ፣ “ምነው እትዬ አስቴር፣ ያልተስማማዎት ነገር አለ?” አለኝ።

“ቀጥል ልጄ፣ በኋላ እናገራለሁ” አልኩት። እሱ ቀጠለ፤ እኔ ግን አልተከተልኩትም። ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ ጥጥን እንዝርት ያሾረዋል እንደሚባለው፣ ሐሳቤ ሃያ ምናምን ዓመት ወደኋላ ተጉዞ መርካቶ፣ ጭድ ተራ፣ አንድ ፍራሽ ቤት ገብቶ ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። የመርካቶ ነጋዴ ልጁን ኮሌጅ አስተምሮ ሱቁን ማስረከብ፣ ልጁም ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ኮምፒውተር ማስገባት የጀመረበት ወቅት ነበር። እኔ ጽሕፈትና ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቴን ሳንጋጥጥ ከርሜ፣ በመጨረሻ በሐጂ ሸረፋ ፍራሽ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ያውም ለአርባ አምስት ቀን ሙከራ።

ፍራሽ ቤቱ የቤተሰብ ነው። ሐጂ ሸረፋ በወጣትነታቸው በማዳበሪያ ከረጢት ጭድ ጠቅጥቀው መሸጥ ጀምረው፣ ከጭድ ወደ ጥጥ፣ ከጥጥ ወደ ስፖንጅ ያደጉ ሰው ናቸው። ከፊት ሱቁ፣ ከሱቁ ጀርባ ሴቶቹ የሚሰፉበት፣ ወንዶቹ የሚጠቀጥቁበት ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ከሱቁ በላይ ደግሞ በእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ቆጥ የመሰለ ቢሮ አለ። የጥጡ ብናኝ ፀጉር ላይ እያረፈ ሁላችንንም በየቀኑ ያሸብተናል፤ ወደ ቤት ልንሄድ ስንል እርስ በርሳችን እየተራገፍን ወጣትነታችንን እንመልሳለን። ከደጅ ደግሞ የተሸካሚው “ዞር በሉ! ዞር በሉ!” ጩኸት፣ የእርጥብ ጭድና የናፍጣ ሽታ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም።

ሐጂ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ውል የሚባል ነገር አያውቁም። “እኛ ቤተሰብ ነን” ይላሉ፣ በቃ። ሰው ሲታመም ያሳክማሉ፣ ሲያገባ ድርብ ፍራሽ ይሰጣሉ፣ ሲሞት ይቀብራሉ። እድር ልግባ ብሎ ያማከራቸው ሠራተኛ ካለ “እድር ምን ያደርግልሃል? እኔ አለሁ አይደለም እንዴ?” ብለው ይቆጡታል። ቁጣው የፍቅር ነበር። ችግሩ፣ ደግነታቸው እንደ ስኳር በሽታቸው ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል። በክፉ ቀናቸው ልጄ ታሞ ነው ብሎ ፈቃድ የጠየቀ ሰው “የማይታመም የማን ልጅ አለ?” ተብሎ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ያጫወተችኝ የሰፊዎቹ አለቃ እትዬ መዲና ናት። የወሎ ሰው ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይቆርጣል። ገና በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ብላት “ያለ ዕድሜዬ አታስረጂኝ” ብላ ስለተቆጣችኝ አንቺ ነበር የምላት። ሦስተኛ ልጇን በወለደች በሃያኛው ቀን ተመልሳ ስፌት መኪናዋ ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ሐጂ ያን ሰሞን ክፉ ቀናቸው ነበር።

ስለዚህ የሐጂ ልጅ ነስሩ ማኔጅመንቱን ጨርሶ መጥቶ “ደንብ ይውጣ” ሲል ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ ነስሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የደንቡን አሥራ አንድ ገጽ የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የሥራ ሰዓት ተጻፈ፣ የዓመት ፈቃድ ተጻፈ፣ የወሊድ ፈቃድ ተጻፈ። ለሁሉም ሰማያዊ የሥራ ጋዋን ታደለ። ደንቡ ሱቁ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ቀን ለእትዬ መዲና የወሊዱን አንቀጽ ሳነብላት “አሁን ነው የሚነግሩኝ? ማህፀኔ ጡረታ ከወጣ በኋላ?” ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው። እኔም ያንን ወረቀት በማየት ብቻ ደረቴ ይነፋ ነበር። የሐዘን ፈቃድ የሚለውን አንቀጽ ስተይብም ምንም አልመሰለኝም፤ ለወላጅ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለእኅትና ለወንድም ሦስት የሥራ ቀን።

ጋሼ ደምሴ የፍራሽ ቤቱ የመጀመሪያ ሠራተኛ ነበሩ። አውቶቡስ ተራ ተሸካሚ ሆነው ሲኖሩ ሐጂ አይተዋቸው፣ ጭድ ጠቅጣቂ አድርገው አመጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ከአገር ቤት የሚጠይቃቸውም ሰው አይታወቅም። አማኑኤል አካባቢ አንድ ጓሮ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ሐጂ እኔ አለሁ ስላሏቸው እድር አልገቡም። የመጀመሪያ ቀኔ ዕለት ምሳ ሳልይዝ ሄጄ፣ አፍሬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ፣ የድንች ወጥ የተቀባ እንጀራቸውን ለሁለት ቆርሰው ትልቁን ሰጡኝና “ብይ፣ የቢሮ ሰውም ይርበዋል” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን ከሳቸው ጋር ነበር የምበላው።

ነሐሴ ነበር። ፍልሰታ ገብቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እርስ በርስ አያሰማማም፣ የጭድ ተራ ጭቃ ጫማ ይውጣል። ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ደምሴ ቀሩ። ቀርተው ስለማያውቁ ሁላችንም በር በር እናያለን። ሦስት ሰዓት አካባቢ አከራያቸው ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። “ደምሴ አርፏል። በተኛበት ነው ያገኘነው” አለች። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

እትዬ መዲና ዓይኗን በመሐረቧ ጠርጋ ወደ ቢሮ ወጣች። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበርኩ።

“ነስሩ፣ ሬሳው ያለው ማንም በሌለበት ቤት ነው። ሦስት ቀን እንቀመጥለት” አለችው።

“ሰምቻለሁ እትዬ መዲና፣ በጣም አዝኛለሁ” አላት። ያዘነም ይመስለኛል። “ሳጥኑን፣ መኪናውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ ድርጅቱ ይችላል። ለቀብሩም ሁለት ተወካይ እንልካለን። ሦስት ቀን ግን ደንቡ ለቤተሰብ ነው የሚለው። የሆቴሉ አርባ ፍራሽ አርብ መድረስ አለበት፣ ያውቃሉ።”

“ቤተሰብ የለውማ!”

“እኔም እሱን ነው የምልዎት። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።”

እጄን ከፊደሎቹ ላይ አነሣሁ። እኔ በተየብኩት፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በኮራሁበት ወረቀት መሠረት፣ ለጋሼ ደምሴ የማዘን መብት ያለው አንድም ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ጸሐፊ አይደለሁ፤ የማውቀውን አደረግኩ። ሃያ የፈቃድ ቅጽ አወጣሁና ለሃያችንም ሞላሁ። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የሟች ስም። ከሟች ጋር ያለው ዝምድና በሚለው ላይ በሃያውም “ቤተሰብ” ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እየመጡ ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው አተሙ። ይዤ ወደ ነስሩ ወጣሁ።

“አስቴር፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለ ነስሩ።

“የፈቃድ ቅጽ ነው፣ አቶ ነስሩ።”

“ሃያውም ላይ ቤተሰብ ብለሻል።”

“ሐጂ ቤተሰብ ናችሁ ይሉን የለ?”

“እሱ አነጋገር ነው፤ ደንብ አይደለም።” ቅጾቹን አስተካክሎ፣ በወረቀት መያዣ አስሮ መለሰልኝ። “ዝምድናው ይገለጽና ይምጣ። ለመሆኑ የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ስንት ቀን ቀረው?”

“ዘጠኝ።”

“እንግዲያው ዘጠኙን ቀን ዝም ብለሽ ሥሪ።”

እናቴ ጉልት ላይ ተቀምጣ ያስተማረችኝ ልጅ ነኝ፤ ከኔ በታች ሦስት አሉ። ዘጠኝ ቀን ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ቅጾቹን ይዤ ወረድኩ። ቅጾቹን ለማስተካከል፣ ዝምድናውን “ጓደኛ” ለማለት፣ ከዚያም “የቅርብ ጓደኛ” ለማለት ሁለቴ ወጣሁ፣ ሁለቴም ተመለስኩ። ይህን ስናደርግ ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ነስሩ የወከላቸው ዘበኛውና ሹፌሩ ሳጥኑን ይዘው ሄዱ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ተመለሱ። ሹፌሩ ጭቃውን ከጫማው በእንጨት እየፋቀ፣ ቀና ብሎ ሳያየን ተናገረ። “ከካህናቱና ከቆፋሪዎቹ ጋር ተደምረን ስምንት አንሞላም ነበር። የሚያለቅስ የለም። ቄሱ ‘የሟች ወገን የታል?’ ብለው ሲጠይቁ፣ ዘበኛው እኔን አየ፣ እኔ እሱን አየሁ። ሁለታችንም ዝም አልን።”

ቤታችን ልጅ ሲመረቅ “ቀባሪ አያሳጣሽ” ይባላል። ምርቃት ሁሉ ከንቱ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። እትዬ መዲና ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ተነሣች።

“ነገ ለቅሶ ነው” አለች።

“ፈቃድ ከየት አምጥተን?” አላት አንዱ ጠቅጣቂ።

“ማን ይቀራል አለህ? ፈርመን እንገባለን።”

ረቡዕ ጠዋት ሁሉም ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ፣ የመግቢያ ሰዓቱንም ፈረመ። እትዬ መዲና ስንዴና ባቄላ ንፍሮ በትልቅ ድስት ቀቅላ፣ በፎጣ ጠቅልላ ተሸክማ መጣች፤ ሽታው ከጥጡ ብናኝ በላይ ሱቁን ሞላው። ከሆቴሉ አርባ ፍራሽ አሥራ ሰባቱ ተሠርተው አልቀው ነበር። ወንዶቹ አወጧቸውና ሱቁ ወለል ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደረደሯቸው። የጋሼ ደምሴ ፎቶ ማንም ዘንድ ስለሌለ ሰማያዊ ጋዋናቸውን ወንበር ላይ አደረግን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተደባልቆ ተቀመጠ።

የኔ የሥራ ቦታ ግን ከላይ፣ ቢሮው ውስጥ ነው። ደረጃው ሥር ቆሜ ቀረሁ። ፈርቼ ነበር፣ መዋሸት ምን ያደርግልኛል።

“አንቺ ሂጂ ውጪ፣ ዘጠኝ ቀንሽን ጨርሺ” አለችኝ እትዬ መዲና፣ ወደ ደረጃው በአገጯ እያመለከተች።

“የቀረኝ ስምንት ነው” አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ነስሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። በሩ ላይ ጃንጥላውን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ።

“ምን እየሆናችሁ ነው? ከሥራ መቅረት እኮ በደንቡ ያስቀጣል!”

“ማን ቀረ?” አለች እትዬ መዲና። “የፊርማውን መዝገብ እየው። ሁላችንም ሥራ ቦታችን ላይ ነን።”

“ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?”

“ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት መሄድ ከለከልከን፣ ለቅሶው መጣ።”

ወደ እኔ ዞረ። “አስቴር፣ ሥነ ሥርዓት የሚለውን አንቀጽ አንብቢላቸው።” አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ተነሥቼ ከግድግዳው ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩ። በሥራ ቦታ ማጨስ ክልክል ነው። መጠጣት ክልክል ነው። መጣላት ክልክል ነው። መተኛት ክልክል ነው። እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

“ማልቀስ የሚል የለም፣ አቶ ነስሩ” አልኩት። “መተኛት ተከልክሏል፤ መቀመጥ አልተከለከለም።”

አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት አሳለ። ነስሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። “ሃያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፊ! አሁኑኑ!”

“ለቅሶ ላይ ነኝ” አልኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ከአፌ ከወጡት ቃላት ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ የለም።

እሱ አፉን ሳይከፍት አንድ የጅምላ ደንበኛ ከወልቂጤ መጥቶ ዘው ብሎ ገባ። ሰው ተደርድሮ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ከዳር ተቀመጠ፣ “እግዜር ያጥናችሁ” አለ። የመጣበትን ጉዳይ ትንፍሽ አላለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የፍራሽ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው እናት አልወለደችም። ከአፍታ በኋላ ወጥቶ ሄደ፤ ወሬው ግን አብሮት ወጣ። መርካቶ ወሬ ከተሸካሚ ይፈጥናል። “ሐጂ ሸረፋ ቤት ሰው ሞቷል” ተባለና ተራው ሁሉ መምጣት ጀመረ። ጎረቤታችን የክር ነጋዴ፣ የሐጂ የልጅነት ባልንጀራ፣ የብረት በሩን እስከ ግማሽ አውርዶ መጣ። ሌሎቹም እሱን አይተው አወረዱ።

የገባው ሁሉ መጀመሪያ የሚጨብጠው ነስሩን ነው፤ የቤቱ ልጅ አይደለ? “አይዞህ፣ ጠንከር በል” ይሉታል። ምን ይበል? ለቅሶ የመጣን ሰው ተመለስ አይባልም። “አሜን፣ አሜን” እያለ በሩ ላይ ቆሞ እጅ ሲጨብጥ ቆየ። መጀመሪያ ላይ ጥርሱን እየነከሰ ነበር፤ ከሃያኛው ሰው በኋላ ግን አንገቱን መድፋት ጀመረ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። የተሰበሰበውን ሰው ሲያዩ እርምጃቸው ተሰናከለ። የክር ነጋዴው አቀፋቸው። “አላህ ሰብሩን ይስጥህ፣ ሸረፋ።”

“ማን ነው? ማን ሞተ?” አሉ ሐጂ፤ ባለቤታቸውን ቤት ትተው ስለመጡ ለሳቸው ሳይሰጉ አልቀሩም።

ነስሩ ሮጦ ያዛቸው። “አባ፣ አይዞህ፣ ማንም አይደለም! ሠራተኛ ነው፣ ደምሴ ነው።”

ለማጽናናት ብሎ ነው። ነገር ግን “ማንም አይደለም” የሚለው ቃል ጋዋኑ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ወድቆ ሁሉም ሰማው። እሱ ራሱም ሰማው መሰለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

“ደምሴ? የኛው ደምሴ?” አሉ ሐጂ። “መቼ?”

“ትናንት ተቀበረ። ስኳርህ ከፍ ብሎ ስለነበር እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።”

ሐጂ ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። የክር ነጋዴው ነገሩ ስላልገባው በገርነት ጠየቃቸው። “ምንህ ነበር፣ ሸረፋ?”

ያ ጥያቄ እኔ ሃያ ጊዜ የሞላሁት ነው። ሐጂ ጫማቸውን አወለቁ። ሁለት ሰዎች ብብታቸውን ይዘው ፍራሹ ላይ አስቀመጧቸው፣ እግራቸው አልታጠፍ ብሎ ተቸገሩ።

“ምን ብዬ ልንገርህ” አሉ። “የመጀመሪያውን ፍራሽ ስንሠራ እኔ ከረጢቱን ያዝኩ፣ እሱ ጠቀጠቀ። ምኔ እንደሆነ አላውቅም።” እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ሰውም የሚወደው እንደዚህ ያለውን መጨረሻ ነው። እትዬ መዲና ግን አልጨረሰችም።

“ሐጂ፣ ለቅሶዎ ለአፍታ ይቆየን” አለች። “እድር አትግቡ፣ እኔ አለሁ ብለውናል። ደምሴ አምኖዎት አልገባም። ትናንት ዘበኛና ሹፌር ቀበሩት። ልጅዎ ደንብ አውጥቷል፣ አልጠላነውም፤ የእርስዎ ቃል ግን ደንቡ ላይ የለም። ወይ ቃልዎን ያስጽፉልን፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ ናችሁ አይበሉን።”

ሐጂ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። “በለቅሶ ፊት ነው ይህን የምትዪኝ፣ መዲና?”

“ሌላ ጊዜማ አንድ ቀን ደግ ነዎት፣ አንድ ቀን ክፉ ነዎት። የቱ ቀን ልምጣ?”

የተራው ሽማግሌዎች ተንጫጩ፤ አንዱ “ነውር ነው” አለ። እትዬ መዲና ዓይኗን ከሐጂ ላይ አልነቀለችም። በመጨረሻ “ብያለሁ” አሉ። “እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። ያቺ ጸሐፊ የት አለች?”

እጄን አነሣሁ። ንጹሕ ወረቀት አልነበረኝም፤ ነስሩ ከመለሳቸው ቅጾች አንዱን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ሁሉም ሠራተኛ ቀብር ይወጣል። ወገን የሌለው ከሆነ ወገኑ እኛ ነን፤ ሦስት ቀን ይቀመጡለታል፣ ሱቁም ይዘጋል። ከዚያ ትንሽ አሰቡና “እድርም ግቡ” አሉ። “እኔም ሟች ነኝ።” ፈረሙ። የክር ነጋዴው ምስክር ሆኖ ፈረመ። እትዬ መዲና ያኔ ነው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ያለቀሰችው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሐሙስ ዕለት አርባውን ፍራሽ ያዘዘው የአውቶቡስ ተራው ባለሆቴል ፍራሼ የት ደረሰ ብሎ እየፎከረ መጣ፣ ለቅሶ መሆኑን ሲያይ ደነገጠ፣ ንፍሮ ተሰጠው፣ ቆረጣጠመ። በገዛ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ስለ ፍራሹ መጠየቅ አቅቶት “ነፍስ ይማር” ብሎ ሄደ። ነስሩ ራሱ ለቀስተኛውን ውኃ ሲያጠጣ ዋለ። ይህን ደግነቱን አልነፍገውም።

ይቅር ግን አላለኝም። በአርባ አምስተኛው ቀን ቢሮ ጠርቶ፣ በትሕትና፣ የሙከራ ጊዜዬን እንዳላለፍኩ ነገረኝ። ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ፤ ደንቡ ስለሚል። ሌላ ጸሐፊ ስላልነበረ የራሴን የስንብት ደብዳቤ ራሴ ተየብኩት፣ አሳምሬ፣ በሁለት ኮፒ። ለሐጂ ንገሪ ብላ እትዬ መዲና ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ። ከሰው በጎ ቀን ሥር ገብቼ ለመኖር ቢሆንማ ያን ሁሉ ምን አደከመኝ። ሰባት ወር ሥራ አጥቼ ተቀመጥኩ፣ እናቴም በየጠዋቱ “የማታውቂውን ሰው ቀብረሽ እንጀራሽን ቀበርሽ” እያለች ቆሽቴን አሳረረችው። አልፈረድኩባትም፤ አንጀቷ እንደሚያር አውቃለሁ። በኋላ እትዬ መዲና ስታገኘኝ፣ አንቀጹ እንደ አሥራ ሁለተኛ ገጽ ተተይቦ ግድግዳው ላይ መለጠፉን ነገረችኝ። የተየበው ነስሩ ራሱ ነው፣ በሁለት ጣቱ።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተራዬ ሲደርስ ይህን ሁሉ አላወራሁም። “ከዝምድናው ዝርዝር ላይ የሥራ ባልደረባ ይጨመር” ብቻ አልኩ። ወጣቱ የሕግ ባለሙያ ፈገግ አለ። “እትዬ አስቴር፣ ዛሬ ባልደረባ ካልን ነገ ጎረቤት ይባላል። ገደቡ የት ነው?”

“ቀባሪ በዝቶበት የከሰረ ድርጅት አላየሁም” አልኩት። ጥቂቶች ሳቁ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ተባለ። ይደር። እኔም እመጣለሁ፣ አሁንም ያንኑ እላለሁ፤ የዛሬዋ አስቴር የሙከራ ጊዜ የለባትም።

ከሥራ በመባረሬ ተቆጭቼ አላውቅም። ዛሬም ቢሆን ያ ፍራሽ ላይ እቀመጣለሁ። የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት ያለው ቀን ነው፣ ማክሰኞው። ሃያ ቅጽ ሞልቼ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ፣ ዝምድናውን ስሰርዝና ስደልዝ፣ እነዚያ ሰዓታት አለፉ፤ ጋሼ ደምሴም ወገን የላቸውም ተብለው ያለ እኛ ተቀበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ሃያ ደቂቃ ነበር። መጠየቅ አልነበረብንም፤ መሄድ ነበረብን።